ዲግሪ ብቻውን መምህር አያደርግም፦ በኡጋንዳ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚያስፈልገው ሥልጠናና ፈቃድ



በናኪቫሌም ሆነ በካምፓላ ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል በአገር ቤት ሲያስተምሩ የቆዩ አሉ። አስተምረው ባያውቁም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዘው የወጡና በመምህርነት ለመሥራት የሚፈልጉ ወገኖችም አሉ። ከእነዚህ ወገኖች ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዲግሪ አለኝ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ት/ቤቶቹም መምህር ይፈልጋሉ፤ ታዲያ ለምን አይቀጥሩኝም?» የሚል ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። በኡጋንዳ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት በመምህርነት ለመመዝገብ ሁለት ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል። አንደኛው የምታስተምሩትን ትምህርት ማወቃችሁን የሚያስረዳና በዚህ አገር ዕውቅና ያገኘ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዴት እንደሚስተማር መሠልጠናችሁን የሚያስረዳ ነው። አንዱ ያለ ሌላው በሩን አይከፍትም። ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ስለ ሁለተኛው፣ ማለትም ስለ ሥልጠናው ነው፤ የምንሰናከለው ግን በአንደኛው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በካምፓላ በአንድ የግል ት/ቤት የማስተምር፣ ትምህርቴ እስከ 12ኛ ክፍል የደረሰ ስደተኛ ነኝ። አብሮኝ ከሚሠራው መምህር ጋር የምናስተምረው ክፍል አንድ ነው፤ ሰዓታችንም እኩል ነው። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን እርሱ የሚቀበለው የእኔን እጥፍ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ «እርሱ የተመዘገበ መምህር ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው። በደመወዝ መክፈያው ሰዓት ግን የሚታየው ወረቀት ላይ ያለው ሙያ ነው። ስለዚህ መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ለራሴ ስጠይቅ ያገኘሁትን ለሌላውም እንዲጠቅም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ከተባለው በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ለስደተኛው ምን ይላል?

ብዙ ሰው «ስደተኛ በሙያው መሥራት አይፈቀድለትም» ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። ኡጋንዳ በ1951 የወጣውን ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት የተቀበለች አገር ናት። በ2006 ያወጣችው የስደተኞች ሕግም ለታወቀ ስደተኛ ተቀጥሮ የመሥራት መብት ይሰጣል። ሕጉ ስለ ሙያም ይናገራል፤ የትምህርት ማስረጃው ሥልጣን ባለው የኡጋንዳ መሥሪያ ቤት የታወቀለት ስደተኛ በሙያው መሥራት ይችላል ይላል።

እዚህ ላይ «የታወቀለት» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። መብቱ በዚህ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሕጉ በሩን ከፍቶታል፤ በበሩ የሚያልፈው ግን ማስረጃው በዚህ አገር ሚዛን ተመዝኖ የታወቀለት ሰው ነው። ስለሆነም የመምህርነት መንገድ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ በር ሳይሆን ማስረጃን ከሚመዝነው መሥሪያ ቤት ነው።

«የተመዘገበ» እና «ፈቃድ ያለው» ልዩነት አላቸው

በ2008 የወጣው የኡጋንዳ የትምህርት ሕግ ማንኛውም ሰው ሳይመዘገብ ወይም የማስተማር ፈቃድ ሳያገኝ በመንግሥትም ሆነ በግል ት/ቤት እንዳያስተምር ደንግጓል። በአገራችን አነጋገር «ፈቃድ ያለው መምህር» ስንል በሙያው የመጨረሻ ደረጃ የደረሰ ይመስለናል። በዚህ ሕግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «የተመዘገበ» የሚባለው የተወሰነውን የመምህርነት ሥልጠና ፈጽሞ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ነው። «ፈቃድ የተሰጠው» የሚባለው ደግሞ የመምህርነት ሥልጠና ሳይኖረው፣ ባለው ዕውቀት ምክንያት እንዲያስተምር የተፈቀደለት ሰው ነው። ፈቃዱ መሸጋገሪያ ሲሆን ቋሚው ቦታ ምዝገባው ነው። አንድ ት/ቤት «ፈቃድ አውጥተን እናስተምርሃለን» ቢላችሁ ይህ ለጊዜው ይጠቅማችኋል፤ ሥልጠናውን ግን አይተካም።

ሥርዓቱም በመለወጥ ላይ ነው። በ2019 የወጣው ብሔራዊ የመምህራን ፖሊሲ ከሕፃናት ማቆያ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ሁሉ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖረው አስቀምጧል። ቀደም ሲል በብሔራዊ መምህራን ኮሌጆች የሚሰጠው የሁለት ዓመት ዲፕሎማ የዝቅተኛውን ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ይበቃ ነበር። ፖሊሲው እነዚህን ኮሌጆች በአንድ ብሔራዊ የመምህራን ትምህርት ኢንስቲትዩት ሥር እንዲሆኑ አድርጓል፤ ኮሌጆቹ ካሊሮ፣ ካባሌ፣ ሙቤንዴ፣ ሙኒ እና ኡኛማ ናቸው። በ2024 የተዘጋጀው የመምህራን ሕግ ረቂቅ ደግሞ መምህራንን የሚመዘግብና ፈቃድ የሚሰጥ ምክር ቤት የሚያቋቁም ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት በዚያ ዓመት የሚሠራበትን ደንብ ከትምህርትና ስፖርት ሚኒስቴር ጠይቁ። ከሦስት ዓመት በፊት ጓደኛችሁ የሄደበት መንገድ ዛሬ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

የእኛ 12ኛ ክፍል እዚህ የትኛው ነው?

ይህ ጉዳይ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ስለሆነ በሒሳብ እንየው። በኡጋንዳ አንደኛ ደረጃ 7 ዓመት ነው። ከዚያ «ኦ ሌቭል» የሚባለው 4 ዓመት፣ ቀጥሎ «ኤ ሌቭል» የሚባለው 2 ዓመት ይመጣል። ሲደመር 13 ዓመት ነው። የእኛ ትምህርት 12 ዓመት ነው። በዓመት ቁጥር ከሄድን የኦ ሌቭል መጨረሻ የሆነው ሲኒየር 4 በ11ኛው ዓመት ላይ ይውላል፤ የኤ ሌቭል መጨረሻ የሆነው ሲኒየር 6 በ13ኛው ዓመት ላይ ይውላል። የእኛ 12ኛ ክፍል በሁለቱ መካከል ይወድቃል ማለት ነው።

እንግዲህ «12ኛን ስለጨረስኩ ኤ ሌቭል ጨርሻለሁ» ብሎ በራስ ግምት መሄድ አይቻልም። ግምቱን የሚሰጠው የኡጋንዳ ብሔራዊ ፈተናዎች ቦርድ ነው። መሥሪያ ቤቱ በካምፓላ ንቲንዳ ይገኛል። ቦርዱ የውጭ አገር የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃን ተመልክቶ ከየትኛው የኡጋንዳ ደረጃ ጋር አቻ እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ዲግሪና ዲፕሎማ ግን የቦርዱ ሥራ አይደሉም። እነሱን የሚመለከተው በ2001 በወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የከፍተኛ ትምህርት ካውንስል ነው፤ የሚገኘውም በኪያምቦጎ ነው። ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች እያምታቱ ከንቲንዳ ወደ ኪያምቦጎ፣ ከኪያምቦጎ ወደ ንቲንዳ የሚመላለሱ ወገኖች አሉ። ከናኪቫሌ ድረስ ለሚመጣ ሰው ይህ የትራንስፖርት ገንዘብ ማባከን ነው። የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ለቦርዱ፣ ዲግሪና ዲፕሎማ ለካውንስሉ መሆኑን ያዙ።

ዲግሪ ያለውም ሰው የ12ኛ ክፍል ወረቀቱን አይጣል። ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ሲያመለክቱ እንኳ ከሥር ያለውን የትምህርት ማስረጃ ሊጠይቁ ይችላሉ።

እናንተ የቆማችሁት የት ላይ ነው?

ሀ. የትምህርት ዲግሪ ያላችሁ። ዲግሪያችሁ በመምህርነት የተሰጠ ከሆነ፣ ማለትም ትምህርቱንና የማስተማር ዘዴውን አብራችሁ የተማራችሁ ከሆነ፣ ሥልጠና በድጋሚ ከመጀመራችሁ በፊት የካውንስሉን አቻ ግምት አውጡ። ግምቱ ከተሰጠ ቀጥሎ የሚመጣው የምዝገባ ማመልከቻ ነው። አዲስ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አትቸኩሉ።

ለ. በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላችሁ። ለምሳሌ በሒሳብ፣ በኬሚስትሪ፣ በታሪክ፣ በጂኦግራፊ ወይም በኢኮኖሚክስ የተመረቀ፣ የማስተማር ትምህርት ግን ያልወሰደ ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል። መንገዱ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ፒ.ጂ.ዲ.ኢ. የሚባለው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ነው። በማኬሬሬና በኪያምቦጎ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ የሚሰጡ ሌሎችም አሉ። ዋናው መስፈርት በዲግሪያችሁ ውስጥ በኡጋንዳ ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጡ ሁለት የማስተማሪያ ትምህርቶች መኖራቸው ነው። ሒሳብና ፊዚክስ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ የመሳሰሉት ጥንዶች ማለት ነው። የሲቪል ምሕንድስና ምሩቅ በዲግሪው ስም ላይ «ሒሳብ» የሚል ቃል አያገኝም፤ በትራንስክሪፕቱ ላይ ግን የወሰዳቸው የሒሳብና የፊዚክስ ኮርሶች ተዘርዝረዋል። ስለዚህ ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን ትራንስክሪፕቱን ይዞ ሄዶ «በእነዚህ ሁለት ትምህርቶች ልመደብ እችላለሁ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሐ. ዲፕሎማ ያላችሁ። በአገር ቤት ከመምህራን ኮሌጅ የተመረቃችሁ ልምዳችሁ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከ2019 ወዲህ ያለው አቅጣጫ ወደ ዲግሪ ነው። ዲፕሎማችሁ በካውንስሉ ከታወቀ ወደ ትምህርት ዲግሪ መግቢያ ሊሆናችሁ ይችላል።

መ. እንደ እኔ 12ኛ ክፍል ላይ ያላችሁ። የድኅረ ምረቃው ዲፕሎማ ከዲግሪ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ በቀጥታ አይመለከተንም። የእኛ መንገድ ማስተማርን ጨምሮ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። መግቢያው የቦርዱ አቻ ግምት ከኤ ሌቭል ጋር እኩል ሆኖ ከተገኘ ቀጥታ ነው። ካልሆነም በሩ አልተዘጋም። ዕድሜው 25 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው «የጎልማሶች መግቢያ» የሚባለውን ፈተና ወስዶ ሊገባ ይችላል። የከፍተኛ ትምህርት ሠርተፊኬት የሚባል የመሸጋገሪያ ትምህርትም አለ፤ እዚህ ላይ ካውንስሉ ያወቀው መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

በሥልጠናው ውስጥ ምን አለ?

አንዳንድ ምሩቃን ይህን ሥልጠና ወረቀት ለማግኘት ብቻ የሚከፈል ቅጣት አድርገው ያዩታል። ትምህርቱን ጠንቅቆ ማወቅና ለ13 ዓመት ልጅ ማስረዳት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁላችንም ሊቅ ሆነው ሲያስረዱ ግን ክፍሉን ያስተኙ መምህራን ነበሩን። የሥልጠናው መነሻ ይህ ነው።

የድኅረ ምረቃው ዲፕሎማ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚወስድ ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የትምህርት መሠረቶች ናቸው፤ የልጅና የወጣት ሥነ ልቡና፣ የትምህርት ፍልስፍናና ታሪክ፣ የት/ቤት አስተዳደር፣ ፈተና አወጣጥና ምዘና። ሁለተኛው በመረጣችኋቸው ሁለት ትምህርቶች የማስተማር ዘዴ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የማስተማር ልምምድ ሲሆን ሠልጣኙ በእውነተኛ ት/ቤት ተመድቦ የዕለት ትምህርት ዝግጅቱን እየጻፈ ያስተምራል፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚላክ ተቆጣጣሪም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይመዝነዋል።

ልምምዱ ለእኛ ከባዱ ክፍል ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሌላ ሥራ መሥራት ስለማይመች ገቢ ይቋረጣል። ቤተሰብ ያለው ሰው ለክፍያው ብቻ ሳይሆን ለእነዚህ ሳምንታት የቤት ኪራይና ቀለብም አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

የምታስተምሩት ሥርዓተ ትምህርትም ከለመድነው ይለያል። ኡጋንዳ ከ2020 ጀምሮ ከሲኒየር 1 ተነሥታ አዲስ የዝቅተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ አውላለች። በዚሁ ሥርዓት የተማሩት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የሲኒየር 4 ፈተናቸውን በ2024 ወስደዋል። አዲሱ ሥርዓት ተማሪው ያጠናውን ከመድገም ይልቅ በተግባር እንዲሠራበት የሚያደርግ ነው። ተማሪው ፕሮጀክት ይሠራል፤ በዓመቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራም ይመዘገብለታል። በጥቁር ሰሌዳ ጽፎ «ገልብጡ» ማለት የለመደ መምህር እዚህ ይቸገራል።

የሚያግዘንም ነገር አለ። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ የሚስተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በኡጋንዳም እንዲሁ። የሒሳቡን፣ የፊዚክሱን፣ የባዮሎጂውን ቃላት በእንግሊዝኛ እናውቃቸዋለን። የሚጎድለን አፍን ማላላት ነው፤ ይህም በመናገር የሚመጣ ነው።

ከአገር ቤት ሥልጠና ጋር ሲነጻጸር

ይህ ዓይነት ሥልጠና ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀደም ባለው ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱንና የማስተማር ዘዴውን ጎን ለጎን እየተማረ በትምህርት ዲግሪ ይመረቅ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አሠራሩ ተለወጠና አንድ ሰው በመጀመሪያ በመረጠው ትምህርት ዲግሪ ይዞ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ እንዲወስድ ተደረገ። ብዙዎቻችሁ «ፒ.ጂ.ዲ.ቲ.» በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። በክረምት እየተመላለሱ የጨረሱትም ብዙ ናቸው።

ይህን ዲፕሎማ ከያዛችሁ ከዲግሪያችሁ ጋር አንድ ላይ ለካውንስሉ አቅርቡ። ዲግሪውን ብቻ አቅርቦ ዲፕሎማውን በቤት መተው ከላይ በ«ለ» ውስጥ ያስመድባል። አንድ ዓመት የደከማችሁበትን ሥልጠና እንደገና እንድትከፍሉበት ያደርጋል ማለት ነው።

ሰነዱ የጠፋበት ምን ያድርግ?

ሌሊት የወጣ ሰው ትራንስክሪፕት ይዞ አይወጣም። የስደተኞች ስምምነትም ይህን ያውቃል። የስምምነቱ 25ኛ አንቀጽ፣ አንድ ስደተኛ የአገሩን ባለሥልጣን መጠየቅ የማይችል ሲሆንና ለመብቱ ማስፈጸሚያ የባለሥልጣን እርዳታ ሲያስፈልገው፣ የሚኖርበት አገር ያንን እርዳታ በራሱ ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅት በኩል እንዲያደርግለት ይላል። አንቀጹ ዲግሪን አይፈጥርም፤ ነገር ግን «ኤምባሲህ ሄደህ አስመስክር» ለሚል የቢሮ ሠራተኛ በጨዋነት የሚቀርብ መልስ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማስረጃ የሚመዝኑ መሥሪያ ቤቶች ሰነዱን ከሰጠው ተቋም ጋር ማመሳከር ሊፈልጉ ይችላሉ። ለአንዳንዶቻችን ደግሞ ያለንበት ቦታ በአገር ቤት መታወቁ ለእኛም ሆነ ለቤተሰባችን ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ሰነዳችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ስደተኛ መሆናችሁን ተናገሩ፤ እንዴት እንደሚያጣሩም ጠይቁ። ሥጋት ካላችሁ በመጀመሪያ የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. የጥበቃ ክፍልን ወይም የጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የስደተኞች መምሪያን አማክሩ። ሥጋት የሌለባችሁ ደግሞ በአገር ቤት ባለ የምታምኑት ዘመድ በኩል ዩኒቨርሲቲያችሁ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ እንዲልክ ማድረግ ትችላላችሁ።

የስም አጻጻፍ ነገርም አይዘንጋ። በዲግሪው ላይ «ጸሐይ»፣ በስደተኛ መታወቂያው ላይ በሌላ የእንግሊዝኛ ፊደላት አቀማመጥ የተጻፈ ስም ብዙ ሰው አስቸግሯል። በእኛ ልማድ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ እዚህ ግን እንደዚያ ይያዛል። ልዩነቱን ካያችሁ አስቀድማችሁ የመሐላ ቃል በጠበቃ ፊት አስጽፋችሁ ከሰነዱ ጋር አያይዙ። የሐሰት ወረቀት እናዘጋጅላችኋለን የሚሉ ደላሎችን ግን ራቁ። በሐሰት ማስረጃ የተያዘ ሰው የሚያጣው ሥራውን ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ኋላ የሚመጣው እውነተኛ ሰነድ ያለው ኢትዮጵያዊም ይጠረጠራል።

ስለ ክፍያ

የትምህርት ክፍያ በየዩኒቨርሲቲውና በየዓመቱ ስለሚለያይ እዚህ አኃዝ አላስቀምጥም። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። አንደኛ፣ ስደተኛ የሚከፍለው እንደ ኡጋንዳዊ ነው ወይስ እንደ ውጭ አገር ተማሪ? ልዩነቱ ከፍተኛ ሊሆን ስለሚችል መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሁለተኛ፣ ከትምህርቱ ክፍያ ሌላ የምዝገባ፣ የፈተናና የማስተማር ልምምድ ክፍያ አለ ወይ? ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ በካውንስሉ ዕውቅና አለው ወይ? በ2023 በካውንስሉ መዝገብ ላይ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራሞች የዕውቅና ጊዜያቸው አልፎ መታየቱ ብዙ ተማሪ አስደንግጦ ነበር። መጠየቁ ነውር የለውም።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሚሰጡት እርዳታዎች የታወቀው «ዳፊ» የሚባለው በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በኩል የሚሰጥ የስደተኞች የትምህርት ዕድል ነው። ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ሲሠራበት የቆየ ነው። አስቀድሞ የታሰበው ለወጣቶች ስለሆነ የዕድሜ ገደብ አለው፤ ልጆቻችሁና ታናናሾቻችሁ እንዲያመለክቱ አበረታቱ። በ2025 ለስደተኞች የሚመጣው የእርዳታ ገንዘብ በብዙ ስለተቆረጠ በእርዳታ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይበጅም።

ሥልጠናውን የጨረሰ ምን ይጠብቀዋል?

ተስፋን አብዝቶ መናገር አልፈልግም። በመንግሥት ት/ቤት ቋሚ ቦታ የሚሰጠው በትምህርት አገልግሎት ኮሚሽን በኩል ነው፤ ለኡጋንዳውያን ምሩቃን እንኳ ውድድሩ ብርቱ ነው። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ዲግሪ ያላቸው የመንግሥት ሳይንስ መምህራን ደመወዝ በወር 4 ሚሊዮን ሽልንግ ሲደርስ የሌሎች ትምህርቶች መምህራን ከዚያ በእጅጉ አንሰው ቀርተዋል፤ በዚህም ምክንያት በዚያው ዓመት አድማ ተደርጓል። ስደተኛ መምህር በአብዛኛው የሚጠብቀው ሥራ በግል ት/ቤቶች፣ በማኅበረሰብ ት/ቤቶችና በሰፈራዎች ውስጥ ባሉ ት/ቤቶች ነው። በሰፈራዎቹ ብዙ ጊዜ ስደተኛው የሚቀጠረው በቋንቋ የሚረዳ የክፍል ረዳት ሆኖ ነው። ተመዝግቦ የሚሠራ መምህርና ረዳት በአንድ ክፍል ውስጥ ቢቆሙም በክፍያም በቃላቸው ክብደትም አይተካከሉም።

ኡጋንዳና ኢትዮጵያን ጨምሮ የኢጋድ አባል አገሮች በታኅሣሥ 2017 በጅቡቲ ስለ ስደተኞች ትምህርት ባወጡት መግለጫ የስደተኞች የትምህርት ማስረጃ እንዲታወቅና ስደተኛ መምህራን እንዲደገፉ ተስማምተዋል። ኡጋንዳም በ2018 ለስደተኞችና ለአካባቢው ሕዝብ የትምህርት ዕቅድ አውጥታለች። እነዚህ ወረቀቶች ሥራ ላይ የሚውሉት ግን ማስረጃውን አስመዝኖ፣ ሠልጥኖ፣ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው ሲገኝ ነው። ማንም ካላመለከተ «ስደተኛ መምህር የለም» ተብሎ ይታለፋል።

በሰፈራው ያሉ ልጆቻችን ነገ ሲኒየር 4 ሲፈተኑ ፈታኙ መምህራቸው ስደተኛ ነበር ብሎ ማርክ አይጨምርላቸውም። ከሌላው ልጅ እኩል እንዲቀመጡ ከተፈለገ ከፊታቸው የሚቆመው ሰው የሠለጠነ መሆን አለበት። የእኛን ልጆች ቋንቋና የደረሰባቸውን የሚያውቅ ሰው ሠልጥኖ ቢገኝ ደግሞ ከማንም ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሊደረግ የሚችለውን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንድ የፕላስቲክ ፋይል ግዙ። የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ ትራንስክሪፕት፣ የስደተኛ መታወቂያና ያስተማራችሁበት የሥራ ማስረጃ ካለ በአንድነት አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኮፒ አንሡ፤ ኦሪጅናሉን በደረሰኝ ካልሆነ ለማንም አትስጡ። በሰፈራችሁ ከእናንተ ሌላ አራት አምስት መምህራን ካሉ ተሰብሰቡና አንድ ሰው ወርዶ የሁላችሁንም ጥያቄ ለቦርዱና ለካውንስሉ እንዲያቀርብ ትራንስፖርቱን ተካፈሉ። ያገኘውንም መልስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወገን ከዜሮ እንዳይጀምር።